«አንተ» ሲሏት

የወንድሜን ልጅ «አንተ» ሲሏት እጇ በረዶ ይሆናል። በእኛ ቤት ሴት ልጅን እንደ ወንድ «አንተ» ብሎ ማቆላመጥ የኖረ ነው፤ እኔም ስንቴ ጠርቻታለሁ። ምክንያቱን የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

በ12ኛ ክፍል ፈተና ሰሞን እንቅልፍ እምቢ አላት። «ዓይነ ጥላ ነው» ተባለና ወደ አጥማቂ ይዘዋት ሄዱ። ሕዝብ እያየ ማይክ አፏ ላይ ተደቀነ። «አንተ! ከየት ገባህባት? ተናገር!» እየተባለ ጀርባዋ በመቁጠሪያ ተመታ። የገዛ ስሟን ስትናገር መንፈሱ ዋሸ ተባለ፤ ዝም ስትል ተደበቀ። ሲመርራት በጎረቤት አሳበበች። ከዱላው ይልቅ ያቺ ውሸት ናት ዓመታት የቆጠቆጠቻት።

ስትነግረኝ «ጸልዪ፣ ይተውሻል» አልኳት። ስህተት ነበር። የደነገጠችው በጸሎት ስፍራ ነውና መልሼ ወደዚያው ገፋኋት።

እንዲህ ያለ ቁስል ያለባችሁ፣ ሃይማኖትን የሕክምናው መሣሪያ ወዳላደረገ የሥነ ልቦና ባለሙያ መሄድ ክህደት አይደለም። የሚስዮናውያን ልጅ የሆነችው አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማርሊን ዊኔል እ.ኤ.አ. በ2011 ከሃይማኖት ለሚመጣው ለዚህ ሕመም ስም አውጥታለታለች። ስሙ በይፋዊው የአእምሮ ሕመሞች መዝገብ ባይገባም ድንጋጤው፣ ቅዠቱና ጭንቀቱ የሚታከሙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ እዚያው አሜሪካ ዳሬል ሬይ የተባለ ባለሙያ ሰዎችን ስብከት ከማይቀላቅሉ ቴራፒስቶች ጋር የሚያገናኝ አገልግሎት ጀመረ።

በእኛ ዘንድ ባለሙያው የአንድ አጥቢያ ሰው ሊሆን ይችላልና በመጀመሪያው ቀን ሳታፍሩ ጠይቁት፤ እዚህ እንጸልያለን ወይ? የምናገረው ወላጆቼ ጆሮ ይደርሳል ወይ? «እምነትሽን ካልተውሽ አትድኚም» የሚልም ካጋጠማችሁ ተነሥታችሁ ውጡ፤ እሱም ያው ማይክ የያዘ ሰው ነው። መድኃኒት የጀመራችሁ፣ አጥማቂ ተው ስላላችሁ አታቋርጡ። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ እንኳ የኤችአይቪ ሕሙማን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረዋል።

የእኛዋ ልጅ ቴራፒስት መጀመሪያ የጠየቀቻት እጇ መቼ መቼ እንደሚቀዘቅዝ ብቻ ነበር። ያችን ውሸት በአፏ ለማውጣት ወራት ፈጀባት። ዛሬ በእሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆማ በሩን ተሳልማ ትመለሳለች። መቼ እንደምትገባ ቴራፒስቷ ጠይቃት አታውቅም። እኔም አልጠይቃትም።