የፈረሰውን መጠገን የማን ዕዳ ነው?

ሰው ሳያስበው የሠራው መልካም ነገር ቢፈርስ፣ መልሶ የመሥራት ግዴታ አለበትን? ጥያቄው ለጊዜው የቃላት ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን በአሜሪካ፣ በደቡብ ካሮላይና ግዛት፣ በቻርልስተን ወደብ የምትገኘው ክራብ ባንክ የተባለች ትንሽ ደሴት በተጨባጭ ታቀርብልናለች።

የመርከቦቹ መተላለፊያ እንዲጠልቅ ሲባል ከባሕሩ ወለል የሚወጣው አሸዋና ጭቃ በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በዚያ ይደፋ ነበር። ደፊዎቹ ስለ ወፎች አላሰቡም። ወፎቹ ግን ቀበሮና መሰል አዳኝ አራዊት የማይደርሱበትን ይህን ክምር አገኙት፤ ቡናማ ፔሊካኖችና ሌሎች የባሕር ወፎች ጎጆ ሠርተው ጫጩቶቻቸውን አሳደጉበት። ማዕበልና የመርከቦች ሞገድ ዳርቻዋን ሲሸረሽሩ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ኢርማ የተባለው ዐውሎ ነፋስ የቀረውን ጠረገው፤ ወፎቹም መክተቻ አጡ።

«ሰው የደፋውን አፈር ባሕር መልሶ ቢወስደው ምን ጉዳት አለው?» የሚሉ አይጠፉም። እኛ ግን በመጀመሪያ፣ የወፎቹ የቀድሞ ዳርቻ በአብዛኛው በሰው ቤትና መዝናኛ መያዙን እናስታውሳለን። በሁለተኛ ደረጃ፣ ፍጡር በሥራችን ላይ ኑሮውን ከመሠረተ በኋላ «አላሰብንበትም ነበር» ማለት ከኀላፊነት አያድንም። ሳያስብ የወለደ አባት አባትነቱ አይቀርለትምና።

እ.ኤ.አ. በ2021 ወደቡ ይበልጥ ሲጠልቅ፣ ወደ ውቅያኖስ ሊጣል ከነበረው ደለል 660,000 ኪዩቢክ ያርድ ያህሉ ወደ ክራብ ባንክ ተመልሶ፣ 32 ኤከር የሚያህል ደረቅ መሬት ተፈጠረ። በ2022 ወፎቹ ዳግመኛ ጎጆ ሠሩ።

ይሁን እንጂ መጠገን ብቻውን አይበቃም፤ ከጠገኑት መራቅም ያስፈልጋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከማርች 15 እስከ ኦክቶበር 15 ማንም ደሴቲቱን እንዳይረግጥ ተከልክሏል። ሰው ሲቀርብ ወላጆቹ ይበርራሉ፤ ጥላ ያጡት እንቁላሎችና ጫጩቶችም በፀሐይ ሐሩር ይሞታሉ። ረድተናልና የእኛ ነው የምንል ሁላችን ከዚህ እንማር፤ እውነተኛ ቸርነት የረዳውን አይወርስም።

አሸዋው ዳግመኛ መሸርሸሩ አይቀርም። ታዲያ ድካሙ ከንቱ ነውን? የጭቃ ቤታችንን ደጋግመን የምንመርገው ዝናብ ከእንግዲህ አይመጣም ብለን አይደለም፤ በውስጡ የሚኖር ስላለ ነው እንጂ።