ስለ ታሰረው አውሬ ለልጆቻችን

ልጆቻችን፣ ፍላቂት ላይ በየሱቁ በረንዳ ተኮልኩላችሁ ስልክ ላይ የምትስቁበትን ነገር እኛም እያየነው ነው። አንድ የአረብ አገር ጎረምሳ አቦ ሸማኔ ከውድ መኪናው ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ አንገቱን በሰንሰለት ይዞ ከተማ ለከተማ ይዞራል፤ እናንተም ላይክ ታደርጋላችሁ፣ ለጓደኛ ትልካላችሁ። ይባስ ብሎ «እኛስ ከገደሉ አንድ ግልገል ጭላዳ ይዘን መንገድ ዳር ብናስር ፈረንጅ ፎቶ እያነሳ ይከፍለን ነበር» የሚል መጥቷል። ዝም ማለት ያቃተን ይሄኔ ነው። 

ለመሆኑ ያ አቦ ሸማኔ ከየት የሄደ ይመስላችኋል? በርካታው ከእኛው ሶማሌ ክልልና ከአጎራባቹ በረሃ የተነጠቀ ነው። ግልገሉን ከእናቱ ለይተው፣ ሸሽገው ድንበር ያሻግሩና ከሶማሌላንድ ጠረፍ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ያስገቡታል። ብዙው ገዢ ሳያየው በረሃብና በበሽታ መንገድ ላይ ያልቃል። «እዚያው እያራቡት ቢሆንስ?» የሚል ይኖራል። አቦ ሸማኔ ግን ታስሮ በቀላሉ የሚወልድ እንስሳ አይደለም። የሕንዱ ንጉሥ አክባር የዛሬ 400 ዓመት ገደማ ለአደን የሚሆኑ አቦ ሸማኔዎችን በብዛት ያኖር ነበር፤ ልጁ ጃሃንጊር ጽፎ ባቆየው ማስታወሻ ግን በግቢ ውስጥ ወለዱ የተባለው አንዴ ብቻ ነው። የሞተውን ለመተካት ሌላ ከዱር ይያዛል ማለት ነው። አደኑና የመሬቱ መታረስ ተጨምሮበት፣ ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1952 አቦ ሸማኔ ከምድሯ መጥፋቱን አወጀች። ዛሬ በዓለም ዱር ሁሉ የቀረው ጎልማሳ አቦ ሸማኔ 7,000 ገደማ እንደሆነ ይገመታል።

«እኛ አልሸጥን፣ አልገዛን፣ ያየነው ብቻ ነው» ትላላችሁ። ያ ጎረምሳ እንስሳውን የገዛው እኮ ለመታየት ነው! የሚያይለት ቢያጣ ሥጋ የሚጨርስና ወንበር የሚቧጥጥ አውሬ ምን ይሠራለታል? ሕዝብ ባጨበጨበ ቁጥር ጎረቤቱ ይቀናል፣ ደላላው ይደወልለታል፣ በረሃ ላይ ያለው አዳኝም ሌላ ጎሬ ይፈልጋል። የኤምሬትስ መንግሥት እንኳ በ2009 ዓ.ም. አደገኛ አውሬ በግል ማኖርን በሕግ ከልክሏል፤ በእኛም አገር ሕጉ የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። የተነጠቀው የእኛ፣ የምናጨበጭበውም እኛ! ለዚህ ነው ደጋግመን የምንናገረው።

ጃንሆይስ አንበሳና አቦ ሸማኔ ያሳድጉ አልነበረም ወይ ብሎ የሚከራከርም አይጠፋም። አዎ፣ ያሳድጉ ነበር፤ የስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢም የዚያ ዘመን ቅርስ ነው። ንጉሥ ያደረገው ሁሉ ለተከታዩ ትውልድ ሥርዓት ይሆናል ያለ ግን የለም። ይልቅ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል ልብ ብላችሁ እዩት። ስልሳ አንበሳና ስልሳ ነብር ይከተሏቸው ነበር እንላለን፤ ወፏም ከዓይናቸው እንባ ትጠጣለች። በአንዱም አውሬ አንገት ላይ ግን ገመድ የለም።

የእኛ ዘመን ልጆች ከጭላዳ ጋር ስንጣላ ያደግን ነን። ገብሱ ሲያሽት ከማሳው ራስ ላይ ወንጭፍ እያጮኽን እንውላለን፤ መንጋው ይሸሽና ከገደሉ ጫፍ ቁጭ ብሎ ሣሩን እየነጨ ድካማችንን ይጠብቃል። እናቲቱ ግልገሏን ከሆዷ ለጥፋ፣ ሲጠነክር ከጀርባዋ አዝላ ስትወርድ ሥራችንን ረስተን እናያት ነበር። ብናባርራቸውም ልጇን ልንቀማት አላሰብንም። እንግዲህ ቀኑን ሙሉ ሣር ሲነጭ የሚውል፣ ሌሊቱን ከዘመዶቹ ጋር ገደል ላይ የሚያድር ፍጥረት መንገድ ዳር ታስሮ ብስኩት ሲወረወርለት ምን ይሆናል? ገንዘቡን ካላችሁ፣ መቋት ማርያም ያለውን የማኅበረሰብ እንግዳ ማረፊያ ጠይቁ፤ እንግዳው አገር አቋርጦ የሚመጣው ገደሉንና በገደሉ ላይ ያለውን ነጻ ጭላዳ ለማየት ነው። የታሰረ ዝንጀሮማ በአገሩም አይቷል። ከዱር እየተነጠቀ የሚታሰረው አውሬ ብቻም አይደለም፤ በቀቀንም ትንሽ ናት ተብላ አትናቅ፤ ግራጫዋ የአፍሪካ በቀቀን ለቤት ጌጥ እየተባለች ስትታፈስ ኖራ፣ ከዱር የተያዘችውን ከአገር አገር መነገድ የተከለከለው ገና በ2009 ዓ.ም. ነው።

«እናቱ የሞተችበትን ባነሣውስ?» ለሚለው መልሱ ቀላል ነው፤ ለወረዳው አሳውቁ እንጂ ወደ ቤት አታስገቡት። የተወረሱ አንበሶችና አቦ ሸማኔዎች የሚጠለሉበት እንሰሳ ኮቴ የተባለ ማእከል ሆለታ አጠገብ አለ። እዚያ ሙያተኛ እየመገባቸው እንኳ፣ ግልገልነታቸውን ሰው ቤት ያሳለፉት ማደን ስለማያውቁ ወደ ዱር መመለሱ ጭንቅ ነው። እናንተ በላም ወተት ምን ልታደርጉት ነው? ደግሞም ግልገል ይዞ የመጣ ሰው ብታገኙ «ስንት ነው?» እንዳትሉት። ላትገዙትም ብትሆኑ፣ ዋጋ የጠየቀው ሰው እንዳለ ሰምቶ ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል።