ጽናትና ግትርነት በቅዱስ አትናቴዎስ ሕይወት

ሰው ብዙዎች የሚሉትን ትቶ ብቻውን ሲቆም፣ አቋሙ ከእውነት ፍቅር የመነጨ ጽናት ነው ወይስ ከራስ ፍቅር የመነጨ ግትርነት? ሁለቱ በውጭ ሲታዩ መልካቸው አንድ ስለሆነ፣ መለያቸውን ለመመርመር የእስክንድርያውን ሊቀ ጳጳሳት የቅዱስ አትናቴዎስን ሕይወት ማስተዋል ይጠቅማል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ325 ዓ.ም. በኒቅያ ጉባኤ ሲደረግ አትናቴዎስ ሊቀ ጳጳሱን እለእስክንድሮስን ተከትሎ የሄደ ዲያቆን ነበረ። ወልድን ፍጡር ያለው የአርዮስ ትምህርት በዚያ ቢወገዝም፣ የነገሥታቱ ፊት ከዘመን ወደ ዘመን ይለዋወጥ ስለ ነበር፣ በ328 ዓ.ም. መንበሩን የተረከበው አትናቴዎስ በ45 ዓመት ሹመቱ አምስት ጊዜ ተሰደደ። የታላቁ ቆስጠንጢኖስ ልጅ ቆንስታንቲዮስማ ወደ አክሱም ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ልኮ፣ አትናቴዎስ የሾመው ፍሬምናጦስ፣ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው፣ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ እንዲመረመር እስከ መጠየቅ ደርሶ ነበር።

በ356 ዓ.ም. በየካቲት ወር፣ ሕዝቡ በቴዎናስ ቤተ ክርስቲያን በሌሊት ጸሎት ላይ ሳለ፣ የጦር አዛዡ ሶርያኖስ በወታደር ከበበው። አትናቴዎስ ከመንበሩ ሳይነሣ ዲያቆኑ መዝሙረ ዳዊት እንዲያነብ፣ ሕዝቡም እየተቀበለ እንዲመልስ አዘዘ፤ በሩ ተሰብሮ ሰይፍ ሲመዘዝ፣ ካህናቱ እንዲያመልጥ ቢማጸኑትም ሕዝቡ አስቀድሞ ካልወጣ አልወጣም ብሎ ጸና፤ በመጨረሻም መነኮሳቱና ካህናቱ ጎትተው አወጡት። ይሁን እንጂ መከራን በድፍረት መቀበል ብቻውን የእውነት ምስክር አይሆንም፤ ስለ ስሕተትም የሞቱ ብዙዎች ናቸውና።

እርግጠኛው መለያ የሚገኘው አትናቴዎስ ከስደት ተመልሶ በ362 ዓ.ም. በእስክንድርያ በሰበሰበው ጉባኤ ነው። በዚያ ዘመን ክርስቲያኖች ስለ ሥላሴ ሲናገሩ፣ አካል ወይም ህላዌ ተብሎ ሊተረጎም በሚችለው የግሪክ ቃል ከፊሎቹ ሦስት ኢፖስታሲስ፣ ከፊሎቹ አንድ ኢፖስታሲስ እያሉ እርስ በርሳቸው ይካሰሱ ነበር። ጉባኤው ግን በቃላቸው ከመፍረዱ በፊት ሁለቱንም ወገን ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠየቀ፤ ሦስት ያሉት ሦስት አማልክት ማለታቸው እንዳልሆነ፣ አንድ ያሉትም የአብን፣ የወልድንና የመንፈስ ቅዱስን ልዩነት እንደማይክዱ በተረዳ ጊዜ፣ ሁለቱንም በአንድ ሃይማኖት ተቀበላቸው። ወልድን ፍጡር ለሚለው ትምህርት ግን አትናቴዎስ አንዲት ጋት አልለቀቀም፤ ፍጡር ፍጡርን ሊያድን ስለማይችል፣ በዚያ ላይ የተያዘው ክርክር የሰው መዳን እንጂ የአነጋገር ጉዳይ አልነበረምና።

እንግዲህ ግትር ሰው የሚጠብቀው የራሱን አነጋገር ነው፤ ስለዚህም ከእርሱ ቃል የወጣውን ሁሉ ጠላት ያደርገዋል። ጽኑ ሰው የሚጠብቀው ምሥጢሩን ስለሆነ፣ ያንኑ ምሥጢር በሌላው አንደበት በሌላ ቃል ተነግሮ ሲያገኘው ደስ ይለዋል። ዛሬም በሃይማኖትም ሆነ በሀገር ነገር የምንከራከር ሁሉ በዚህ ልንመዘን ይገባናል፤ ተቃዋሚውን ምን ማለትህ ነው ብሎ ለመጠየቅ ያልፈቀደ ሰው፣ ቢሰደድም ቢሠቃይም፣ ጽኑ ለመባል ገና አልበቃም።