የወደዱት ድካምና የግድ ድካም

ሰው የሚገፋው ግዴታ፣ የሚያስቸኩለው ጉዳይ፣ የሚጠብቀውም ዋጋ ሳይኖር፣ ለስላሳውን ጎዳና ትቶ ኮረኮንቹን፣ ሜዳውን ትቶ ዐቀበቱን መርጦ ሥጋውን ቢያደክም፣ ይህ ድካሙ ለነፍሱ አንዳች ፍሬ ያፈራለታልን? ወይስ ነፍስ ዕድል ፈንታ የሌላት የሥጋ ደስታ ብቻ ሆኖ ከላቡ ጋራ አብሮ ይደርቃል? ጥያቄው የጥንት ነው፤ በእኔ ላይ የወደቀው ግን ከጀማ ወንዝ ወደ መርሐ ቤቴ በሚያወጣው ጠመዝማዛ ላይ፣ ብስክሌቴን ይዤ ትንፋሼ ተቆራርጦ በቆምሁበት ሰዓት ነው፤ የጣሉብኝም ማሽላ ያዘሉ አንዲት አሮጊት እናት ናቸው።

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልንገረው። ከአዲስ አበባ ወደ ፍቼ በሚወስደው አውራ ጎዳና ወደ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዙ በኋላ ሙከጡሪ ላይ መንገዱ ይከፈላል፤ የደብረ ሊባኖስ ተሳላሚ ወደ ፊት ሲቀጥል፣ ወደ ቀኝ የታጠፈው በለሚ በኩል አድርጎ ወደ ጀማ ሸለቆ ያመራል። እኔ በሄድሁበት ጊዜ መንገዱ ገና ፒስታ ነበር። እስከ ለሚ ድረስ የገብስና የጤፍ ማሳ፣ አልፎ አልፎም በጽድ የተከበበ ቤተ ክርስቲያን እያዩ፣ ነፋስ በሚመታው ሜዳ ላይ በደስታ ይጋልባሉ፤ ከለሚ ወዲያ ግን ምድር እንደ ተቆረሰ ድፎ በድንገት ታልቅና፣ ጭላዶች በአፋፉ ላይ ሣር የሚነጩበት ገደል ከእግር በታች ይከፈታል። ከዚያ እስከ ወንዙ ድረስ ቁልቁለቱ በቁመት 1000 ሜትር ያህል ይሆናል፤ ፍሬን ጨብጦ የወረደ ሰው ከታች ሲደርስ ጣቶቹን ለመዘርጋት ይቸገራል።

በዚህ ቁልቁለት ላይ ጠጠሩ ራሱ መምህር ነው። ከላይ ጥቁር ነው፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ ቀልጦ የፈሰሰው ዐለት የረጋበት ነውና። ዝቅ ባሉ ቁጥር ግን እየነጣ ይሄዳል፤ የታችኛው የኖራ ድንጋይ ይህ ሁሉ አገር ባሕር በነበረበት፣ እጅግ በራቀ ዘመን፣ በባሕር ወለል ላይ የተጠራቀመ ነውና። ከጎማዬ የተጣበቀው አቧራ ከጥቁር ወደ ነጭ ሲለወጥ ባየሁ ጊዜ፣ በአንድ ጧት የዘመናትን ደረጃ እንደ ወረድሁ ዐውቄ ፍርሃት አደረብኝ፤ ይህንንም ፍርሃት እስከ ዛሬ ከጸሎት ለይቼ ማየት አልቻልሁም። አየሩም እንዲሁ ይለወጣል፤ ደጋው ላይ የለበስሁትን ጋቢ ግራርና ማሽላ በሚታይበት ቆላ ጠቅልዬ ከኮርቻው ኋላ አሰርሁት።

በሌላው ዓለም እንዲህ ያለውን መንገድ ፈልገው የሚጋልቡ ብዙዎች ናቸው። በኢጣልያ፣ የኪያንቲን ኮረብቶች ነጫጭ የጠጠር መንገዶች አስፋልት እንዳይውጣቸው በማሰብ ሌሮይካ የተባለው ጉዞ በ1997 እ.ኤ.አ. ተጀመረ፤ በአሜሪካም በካንሳስ የባልጩት ኮረብቶች፣ ማረሻ ድንጋዩን ስላልደፈረው ሣሩ እንደ ጥንቱ በቀረበት አገር፣ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 320 ኪሎ ሜትር ያህል በጠጠር ላይ የሚጋለብበት እሽቅድምድም አለ። ለእኛም ብስክሌት እንግዳ አይደለም፤ ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትገባ ከሯጮቿ ጋራ ጋላቢዎችም አሰልፋ ነበር። ተወዳዳሪ ግን አክሊል አለው፤ ሐዋርያው እንዳለው ጠፊ አክሊልም ቢሆን፣ የድካሙ ምክንያት እርሱ ነው። እኔ በዚያ ሸለቆ ውስጥ የምሮጥለት አክሊል አልነበረኝም።

ቀኑ ረቡዕ ነበር፤ ደብረ ዘይት ባለፈ በሦስተኛው ቀን። ወንዙ ዳር በደረስሁ ጊዜ መንገደኛ ነኝ ብዬ ለራሴ ፈቅጄ ዳቦዬን በላሁ፤ ውሃም ጠጣሁ፤ ኮዳዬንም ሞላሁ። ከድልድዩ ማዶ ዐቀበቱ ሲጀምር የጎማዬን ነፋስ ቀነስ አደረግሁ፤ አጥብቆ የተነፋ ጎማ ከጠጠር ወደ ጠጠር እየዘለለ ጉልበትን በከንቱ ሲያባክን፣ ነፋሱ የጎደለው ግን ጠጠሩን አቅፎ ያልፋልና። ይህም ጥበብ የረዳኝ እስከ አራተኛው ጥምዝ ድረስ ነው። ከዚያ ወርጄ መግፋት ጀመርሁ፤ ስገፋም ከኋላዬ የሚመጣ የእግር ኮቴ ሰማሁ፤ የማይቸኩል፣ የማይቆምም ኮቴ ነበር።

እኒያ እናት ከቆላ ዘመዳቸው ያገኙትን ሩብ ኩንታል የሚሆን ማሽላ በመጫኛ ጀርባቸው ላይ አስረው፣ በባዶ እግራቸው ይወጣሉ። ሰላምታ ተለዋወጥን። ብስክሌቱን አዩ፤ ፊቴንም አዩ።

«ልጄ፣ እንዲህ የሚያሳድድህ ምን ነው?» አሉኝ።

«ማንም አያሳድደኝም፣ እማማ፤ መንገዱን ወድጄው ነው።»

ጥቂት ዝም ብለው ከሄዱ በኋላ፣ ነገሬን በሚገባ ሲመረምሩት እንደ ቈዩ በሚያስታውቅ ድምፅ፣ «ታዲያ የንስሐ አባትህ ቀኖና ሰጥተውህ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

የምመልሰው አጣሁ። በእርሳቸው ዐይን ይህን ዐቀበት ሊያወጣ የሚችል ነገር ሁለት ብቻ ነው፤ ወይ የኑሮ ግድ፣ ወይ የንስሐ ቀኖና። የእኔ ድካም ከሁለቱም ቤት አልነበረም፤ ስለዚህም ስም አልነበረውም።

ሸክማቸውን በብስክሌቱ ላይ እንዳደርግላቸው ለመንሁ፤ እንቢ ብለው፣ በኋላም እሺ ብለው፣ ከረጢቱን በመሪውና በኮርቻው መካከል አጋድመን መጫኛው ስላልበቃ መቀነታቸውን ፈትተው በሁለት ዙር አሰሩት። ከዚያ እኔ እየገፋሁ፣ እርሳቸው ከኋላ በአንድ እጃቸው ከረጢቱን እየደገፉ ወጣን። ብስክሌት ሲጫን ይከብዳል፤ ጠጠር ላይ ደግሞ ፊቱን እየጠመዘዘ ወደ ገደሉ ይሸሻል። ሦስት ጊዜ ተንሸራተተብን፤ ሦስት ጊዜ አስተካክለን አሰርነው። ያ መንገድ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሌላ መንገድ ሆነብኝ፤ ጧት የማደንቀው ጠጠር ሁሉ አሁን የሚጠላ ሆነ፤ ለእርሳቸው ግን ዕድሜ ልካቸውን እንዲሁ እንደ ነበረ አሰብሁ።

እየገፋሁም የጎልጎታን መንገድ አሰብሁ። በዚያ ዐቀበት ላይ ሁለት ድካሞች በአንድ መስቀል ሥር ተገናኝተዋል፤ አንደኛው መድኃኒታችን በፈቃዱ የተቀበለው ነው፤ ሁለተኛው ከገጠር ሲመለስ ወታደሮች ይዘው ያስገደዱት የቀሬናው ስምዖን ድካም ነው። ስምዖን መስቀሉን አልመረጠውም፤ ምናልባትም ወደ ቤቱ ከመግባት በቀር ሌላ ሐሳብ አልነበረው ይሆናል፤ ወንጌል ግን ስሙንና አገሩን፣ በማርቆስ ዘንድም የልጆቹን ስም ሳይቀር ጽፎ አቈይቶለታል። ስለዚህ ያልተመረጠ ድካም በእግዚአብሔር ዘንድ ከንቱ ነው ለማለት የሚደፍር ማን ነው? በአንጻሩ ደግሞ ማር ይስሐቅን የመሰሉ የገዳም መምህራን የሥጋን ድካም የነፍስ ሥራ በር አድርገው ሲያስተምሩ፣ የተናገሩት በፈቃድ ስለሚሆነው ትሕርምት ነው፤ እህል ያጣ ሰው ተራበ ይባላል እንጂ ጾመ አይባልምና። የተመረጠው ድካም ግን የራሱ አደጋ አለው። ነቢዩ ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ የሚወቅሳቸው ጿሚዎች ሥጋቸውን ያደከሙ ናቸው፤ ድካማቸው ከራሳቸው ሥጋ አልፎ የተራበው ሰው ማዕድ ስላልደረሰ ግን አልተቈጠረላቸውም። የእኔም ዐቀበት እኒያን እናት እስካገኝ ድረስ እንዲህ ያለ ነበረ ብዬ አምናለሁ፤ ክፉ አልነበረም፤ ግን በራሴ ላይ ጀምሮ በራሴ ላይ የሚያልቅ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ልመስክርለት፤ በመኪና ብመጣ ኖሮ የእግራቸውን ኮቴ አልሰማም ነበር።

እንዲህ እያሰብሁ ድካሞቹን ለሁለት ከፍዬ፣ የወደዱትን ለእኔ፣ የግዱን ለእርሳቸው አድርጌ በልቤ አካፈልሁ። አፋፉ ላይ ስንወጣ ፀሐይ ከእኩለ ቀን ዘንበል ብላ ነበር። አንድ ግራር ጥላ ሥር ብስክሌቱን አስደግፌ፣ ከረጢቱን አውርጄ፣ መቀነታቸውን መለስሁላቸውና ኮዳዬን አቀረብሁ። በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ መርቀውኝ፣ ሳይከፍቱ መሬት ላይ አኖሩት።

«ጠጡ እንጂ፣ እማማ» አልሁ። «ከወንዙ ጀምሮ ምንም አልቀመሱም።»

«ከትናንት ማታ ጀምሮ ነው፣ ልጄ፤ ጾም አይደለም እንዴ?»

ከትናንት ማታ ጀምሮ። ያን ሁሉ ዐቀበት፣ ሩብ ኩንታል አዝለው። ማሽላውን ያሸከማቸው ኑሮ ነው፤ ውሃውን የከለከላቸው ግን ማንም አልነበረም። እኔ በልቤ ያካፈልሁት ሁሉ ተመልሶ ወደ እርሳቸው ሄደ።

ከጥላው ወጥተው ፀሐዩ ላይ ቆሙ፤ ጥላቸውንም ከተረከዛቸው ጀምረው፣ አንዱን እግር ከሌላው ፊት እያስቀደሙ፣ በጥንቃቄ ሰፈሩ።

«ለዘጠኝ ሰዓት ገና ሁለት ጫማ ይቀረዋል» አሉና ተመልሰው አጠገቤ ተቀመጡ። ኮዳውን በመካከላችን አድርገን ጥላው እስኪረዝም ጠበቅን።