በበሩ የገባው ማን ነበር?

ባለፈው ሰሞን ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ ይዘን ከአንድ የዶርም ጓደኛዬ ጋር ክርክር ገጠምን። ነገሩ የተነሣው ስለ አረጋውያን መጦሪያ ቤቶች ነው። «ጥሩው ቤት የቱ እንደሆነ ማወቅ ምን ያስቸግራል? በዓመት ስንት ሰው ሞተ ብሎ መቁጠር ነው፤ አለቀ!» አለኝ።

እውን አለቀ እንዴ?

እስቲ ሁለት ቤቶች እናስብ፤ ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል የፈጠርኩት ነው። ሁለቱም መቶ መቶ ሰው ይጦራሉ። በዓመት ከአንደኛው 20፣ ከሁለተኛው 12 ሰው ሞተ። በጓደኛዬ ሒሳብ ተሸላሚው ሁለተኛው ነው። ይሁን እንጂ በአንደኛው ቤት ካሉት 80ዎቹ የአልጋ ቁራኛ ሆነው የገቡ ናቸው፤ በሁለተኛው 20 ብቻ። ከአልጋ ቁራኞች ከመቶው 30፣ ቆመው ከሚሄዱት ከመቶው 5 ይሞታሉ ብንል፣ ከአንደኛው ቤት 25፣ ከሁለተኛው 10 ሞት ይጠበቅ ነበር። እንግዲህ የተወቀሰው ቤት ከሚጠበቀው አምስት ሞት ቀንሷል፤ የተመሰገነው ሁለት ጨምሯል።

የድሬ ልጅ ይህን ለመረዳት ሊቅ መሆን የለበትም። በድሮው ባቡር ዘመን፣ ከዚህ ወደ ጅቡቲ ቁልቁል የሚወርደውንና ከባሕር ጠረፍ ሽቅብ እያቃሰተ የሚመጣውን በሰዓት ብቻ አወዳድሮ ነጂውን መቅጣት ፍርድ ይባላል?

ጉዳዩ ደግሞ የሒሳብ ብቻ አይደለም። ቢኒያም በለጠ የመሠረተው የአዲስ አበባው መቄዶንያ ደጋፊ ያጡ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን ከጎዳና ያነሣል። እንዲህ ያለውን ቤት በሟች ቁጥር ብቻ ከመዘንነው ሌላው ቤት ምን ይማራል? ሰው መምረጥ! የሚያጣጥሩትን አዛውንት «ቦታ የለም» ብሎ ከደጅ መመለስ።

ታዲያ ሁሉን ነገር «ድሮም ደካማ ነበሩ» ብለን እንለፈው? የለም! እማማ ሽባ ሆነው ከገቡ ያ ለቤቱ ይታሰብለት። የሚያገላብጣቸው አጥተው ያወጡት የአልጋ ቁስል ግን የቤቱ ዕዳ ነው። በዚህ በድሬ ሙቀት ውሃ የሚያቀርብላቸው ጠፍቶ ሰውነታቸው ከደረቀም እንደዚያው። አሜሪካ በ1987 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የእያንዳንዱ ተጧሪ ሁኔታ ሲገባም፣ ከዚያም በየጊዜው፣ በአንድ ዓይነት ቅጽ እንዲመዘገብ አዘዘች። ቅጹን የሚሞላው ግን ራሱ ቤቱ ነው፤ ሲገቡ የነበረባቸውን ሕመም አጋኖ የጻፈ ጥፋቱን ሊሸፍንበት ይችላል። ሚዛኑ ያለ ታማኝ ጸሐፊ ዋጋ የለውም።

ጓደኞቼ፣ ነገ ከመካከላችን ሚዛን ያዥ የሚሆን አይጠፋም። «ስንት ሞቱ?» ከማለታችን በፊት «በበሩ የገባው ማን ነበር?» እንበል። ወዲያውም እናስከትል፦ «ከገባ በኋላስ ምን አደረጋችሁለት?»