ማዘንና ማስታመም

ርኅራኄ ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ ከመካከላችን መልስ የሚያጣ አይኖርም። ማዘን ነው እንላለን። እኛም እስካለፈው ክረምት ድረስ ከዚህ የተለየ መልስ አልነበረንም። ነገር ግን አንዲት ኤሊ በቤታችን ማስታመም ግድ በሆነብን ጊዜ፣ ማዘንና መርዳት ምን ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉ ተረዳን። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ጥያቄው ትንሽ ስላልሆነ ልናካፍላችሁ ወደድን።

እኛ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ግቢ ሁለት ክፍል ተከራይተን የምንኖር አራት ተማሪዎች ነን። ከሁለት ዓመት በፊት ወደ አዋሽ አካባቢ ለጉብኝት ወርደን ስንመለስ፣ ከመንገድ ዳር ያገኘናትን ኤሊ በከረጢት ይዘን መጣን። የጀርባዋ ድንጋይ በቢጫና በጥቁር ነጠብጣብ ያጌጠ ነው። የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝ በሕግ የተከለከለ መሆኑን እንኳ አላሰብንም። ለራሳችን የምንነግረው ስለ ወደድናት አመጣናት እያልን ነበር።

በነሐሴ መጀመሪያ ላይ ኤሊዋ መብላት አቆመች። ከአፍንጫዋ አረፋ ይወጣ ጀመር፤ አንገቷን አስግጋ፣ አፏን ከፍታ በጭንቅ ትተነፍሳለች። እኛም ለሰው በሽተኛ የሚደረገውን ሁሉ አደረግንላት። በጋቢ ጠቀለልናት፤ ወተት አሞቅንላት፤ ጎመን ከትፈን በግድ አጎረስናት፤ ሌሊት በየተራ እየተነሣን አየናት። ይሁን እንጂ ጠዋት ጠዋት ከትናንቱ ይልቅ ደክማ እናገኛት ነበር።

በመጨረሻ የእንስሳት ሕክምና የሚማር ጓደኛችንን ጠራን። እርሱም ጋቢውን ገልጦ ዳሰሳትና፣ «እናንተ እኮ የምታስታምሙት ሰው መስሏችኋል» አለን። ጋቢ ሰውን የሚያሞቀው ገላው ራሱ ያመነጨውን ሙቀት ይዞ ስለሚያቆይ ነው። ኤሊ ግን ሙቀቷን የምታገኘው ከፀሐይና ከመሬት ስለሆነ፣ በጋቢ የተጠቀለለች ኤሊ ብርዷን ታቅፋ ትውላለች። ወተትም ለኤሊ ሆድ አይስማማም። ገላዋ ሳይሞቅ በግድ የጎረሰችው ምግብ ደግሞ ሳይፈጭ ሆዷ ውስጥ ይበላሻል። እንደ ቀልድ በጣታችን የምንመታው የጀርባዋ ድንጋይ እንኳ ሕያው አጥንት ነው፤ ሲነካ ይሰማታል። እንግዲህ እነዚያን ሁሉ ሌሊቶች ስንደክም የነበረው እያዘንን ነው፤ ነገር ግን እየጎዳናት ነበር።

የበሽታዋንም ምክንያት ነገረን። ኤሊዋ የተወለደችበት ቆላ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የክረምቱ ብርድ የሰውነቷን የመከላከል ኃይል ስላደከመው በሽታው መተንፈሻዋን ያዘው። ያሳመማት ማን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ገባን።

ከዚያ በኋላ በታዘዝነው መሠረት መጀመሪያ ሙቀት፣ ቀጥሎ ውኃ፣ ከዚያ መድኃኒት፣ በመጨረሻም ምግብ ሆነ። በካርቶን ውስጥ አስቀምጠን በአንደኛው ወገን አምፖል ሰቀልንላት፤ ሲበዛባት ፈቀቅ እንድትል ሌላው ወገን ያለ አምፖል ተተወ። በየቀኑ ለሃያ ደቂቃ ያህል፣ ከአገጯ በታች በሚደርስ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ በሳፋ አቆየናት። ሐኪም ያዘዘው መርፌም በየጊዜው ተወጋች። መብራት ሲጠፋ የሞቀ ውኃ በጠርሙስ እየሞላን በአጠገቧ እናኖር ነበር።

በዚህ መካከል ሁለት ጥያቄዎች ገጠሙን። የመጀመሪያውን ያመጡት የቤቱ ባለቤት እማማ ናቸው። «ልጆቼ፣ ከደጃችን የሚበላው ያጣ ሰው ተቀምጦ፣ እናንተ ለኤሊ መርፌ ትገዛላችሁ?» አሉን። አፈርን። ማታ ስንወያይበት ግን አንድ ነገር ታየን። ኤሊዋ ከመታመሟ በፊት ያንን ገንዘብ ለተራበው ሰው አልሰጠነውም ነበር። ስለዚህ አሁን ድኻውን ምክንያት አድርገን ኤሊዋን ብንተዋት ለሁለቱም አልሆንንም ማለት ነው። ደግሞም ዕዳና ምጽዋት ልዩ ልዩ ናቸው። ኤሊዋን ያሳመምናት እኛ ስለሆንን ለእርሷ የምናወጣው ዕዳ ነው። ሆኖም የእማማ ቃል እውነትነት አለውና፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከደጃችን የሚቀመጡትን ሰው እንዳላየ ማለፍ አልቻልንም።

ሁለተኛው ጥያቄ የመጣው ከራሳችን ነው። በስድስተኛው ሳምንት ለውጥ ስናጣ ከመካከላችን አንዱ፣ «ሥቃይዋን ብናሳጥርላት አይሻልም?» አለ። ዝም አልን፤ ምክንያቱም ሁላችንም አስበነው ነበር። ለጓደኛችን ብናማክረው፣ «የእርሷን ሥቃይ ነው ወይስ የእናንተን ድካም የምታሳጥሩት?» ሲል ጠየቀን። የዚህ ዓይነት እንስሳ በሽታው ቀስ ብሎ መጥቶ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ክብደቷ እየቀነሰ፣ ትንፋሿ እየባሰ ከሄደ ሐኪም ያለ ሥቃይ እንድትሞት ቢያደርጋት እርሱም ርኅራኄ እንደሚሆን አልደበቀንም። ነገር ግን በየሳምንቱ በጎረቤት ባለሱቅ ሚዛን ስንመዝናት ክብደቷ አልወረደም፤ አፏንም ገጥማ መተንፈስ ጀምራ ነበር። መልሱ የነበረው በእርሷ ላይ ነው፤ እኛ ግን የምናዳምጠው የራሳችንን ልብ ነበር።

በመስቀል ማግሥት ጎመን ነከሰች። ደስታችንን ለመግለጽ ቃል የለንም። ወዲያው ወደ አዋሽ እንመልሳት አልን። ይህም አልሆነም። የዳነች ኤሊ የበሽታውን ተሕዋስ ይዛ ልትቆይ ስለምትችል፣ ብትለቀቅ በዱር ያሉትን ልትበክል ትችላለች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ጸጸታችን የመጣው ነገሩ ወደ ነበረበት ከማይመለስበት ደረጃ ከደረሰ በኋላ ነው። ኤሊ ደግሞ ሃምሳ ዓመትና ከዚያም በላይ ልትኖር ትችላለች። በአንድ ከሰዓት በኋላ በከረጢት የያዝናት ፍጡር የዕድሜ ልክ ኃላፊነታችን ሆነች። በመጪው ዓመት ስንመረቅ፣ ቤተሰቦቹ በሞቃት ከተማ የሚኖሩት አንዱ ጓደኛችን ሊወስዳት፣ ሦስታችንም ለቀለቧና ለሕክምናዋ በየወሩ ልናዋጣ ተስማምተናል።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ የሚታመም ሁሉ ድምፅ የለውም፤ ድምፅ ያለውም ቢሆን ሁልጊዜ የሚያስፈልገውን አይነግረንም። በቤታችን ያለችው በሽተኛ አያት፣ በሰፈራችን ያለው የተጎዳ ሕፃን፣ በደጃችን የሚያነክሰው ውሻ ሁሉ የሚጠብቁት እንባችንን ብቻ አይደለም። የሚያስፈልጋቸውን ለማወቅ እንድንጠይቅና እንድንማር ጭምር ነው። ከሁሉም በፊት ደግሞ፣ የወደድነውን ነገር ለመውሰድ እጃችንን ስንዘረጋ፣ የምንወደው እርሱን ነው ወይስ የእኛ መሆኑን ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። እኛ ይህን ጥያቄ በአዋሽ መንገድ ላይ ጠይቀን ቢሆን ኖሮ፣ ያቺ ኤሊ ዛሬ ፀሐይዋን እየሞቀች ነበር።