ተናጋሪውና የማያውቀው ሰሚ

ተናጋሪው ቃሉን ካወጣ በኋላ ግዴታው የሚፈጸመው በመናገሩ ነውን ወይስ በመሰማቱ? ይህን ጥያቄ የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች፣ ጥያቄ ነው ብለው ባይጠሩትም፣ ሥራቸው ስለሚያስገድዳቸው በየዕለቱ ይመልሱታል።

ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ባለችው የጥሊሊ ከተማ፣ የድንች ዋጋ የሚከታተል አንድ ጽሕፈት ቤት አለ እንበል። ጠረጴዛው ላይ ባለው ኮምፒዩተር የተጫነው ፕሮግራም የእንጅባራንና የዳንግላን ገበያ ዋጋ እየተቀበለ በስክሪኑ ያሳያል፤ ዋጋውን የሚልከው ሰው ግን ይህ ጽሕፈት ቤት ስለ መኖሩ እንኳ ወሬ የለውም። መልእክቱን በአንድ አርእስት ሥር አድርጎ ብሮከር ለሚባለው አማካይ ይሰጣል፤ ብሮከሩም በዚያ አርእስት ለተመዘገበ ሁሉ ያከፋፍላል። በፕሮግራሙ ውስጥ ያለው ላይብረሪ የሚባለው የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ፣ ፓሆን የመሰለው፣ ከብሮከሩ ጋር ያለውን ግንኙነት ይከፍታል፣ ይጠብቃል፣ ሲቋረጥም መልሶ ይቀጥላል። የእድር ጥሩምባ ነፊም እንደዚህ ላኪ ነው፤ በየደጁ ቆሞ ስም አይጠራም፣ ጥሪውም ለተመዘገበው ነው።

እንዲህ የሚሠራውን፣ ኤምኪውቲቲ የሚባለውን የመልእክት ሥርዓት በ1999 እ.ኤ.አ. አንዲ ስታንፎርድ ክላርክና አርለን ኒፐር ሲያወጡት፣ ዓላማቸው የነዳጅ ቧንቧን በሳተላይት መከታተል ስለ ነበር፣ መሥመሩ እንደሚቋረጥ አስቀድመው ያውቁ ነበር። ስለዚህም ለመልእክት ሦስት ማዕረግ ሰጡት፤ በዜሮ የተላከው ቢጠፋ የሚጠይቅ የለም፣ በአንድ የተላከው ምናልባት ተደጋግሞም ቢሆን ይደርሳል፣ በሁለት የተላከው አንድ ጊዜ ብቻ ይደርሳል። ከዚህ ሁሉ እኔን የሚደንቀኝ ግን ኑዛዜው ነው። ደንበኛው ፕሮግራም ሲገናኝ ለብሮከሩ የኑዛዜ ቃል ትቶ ሊገባ ይችላል፤ ደኅና ሰንብት ብሎ በሥርዓት ቢሄድ ኑዛዜው ይሰረዛል፤ መብራት ጠፍቶበት ድምፁ ቢጠፋና ከተስማሙበት ጊዜ አንድ ተኩል እጥፍ ቢያልፍ ግን፣ ብሮከሩ እንደ ሞተ ቆጥሮ ኑዛዜውን ለተመዘገቡት ያሰማለታል።

ይህን ያህል የተጠነቀቀ ሥርዓት እንኳ አንድ ነገር አይሰጥም። ላኪው የሚያገኘው የመድረስ ማረጋገጫ ከብሮከሩ እንጂ ከሰሚው አይደለም፤ መልእክቱ ጥሊሊ ደርሶ ላይብረሪው ተቀብሎታል ቢባል እንኳ፣ የላይብረሪው ሥራ ስክሪኑን ከሚያንቀሳቅሰው ክር፣ ማለት ከዚያኛው የሥራ መሥመር፣ ተለይቶ ስለሚሄድ፣ የፕሮግራሙ ጸሐፊ መልእክቱን ወደዚያኛው ክር ማሸጋገር ቢረሳ ስክሪኑ በትናንቱ ዋጋ ላይ ይቀራል፤ ጸሐፊው ባይረሳ ደግሞ ወንበሩ ላይ ሰው ላይኖር ይችላል።

መንግሥትም ከዚህ ችግር አላመለጠም፤ በ1934 ዓ.ም. የተጀመረው ነጋሪት ጋዜጣ ሕግን ለሕዝብ ሁሉ ያውጃል፣ አላነበብሁም ማለትም ሰውን ከሕግ አያድንም። ሥርዓቱ ያለዚህ ሊቆም ስለማይችል አልነቅፈውም፤ ነገር ግን ለአስተዳደር የሚበቃ ነገር ለኅሊና ይበቃል ማለት አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ይህን ለይታ ስላወቀች፣ ሰባኪው በዐውደ ምሕረት ለማያውቀው ሕዝብ እንዲናገር ስትፈቅድ፣ ለእያንዳንዱ ነፍስ ደግሞ የንስሐ አባት አቁማለች፤ ሰባኪው ዘሪ ነው፣ የንስሐ አባቱ ግን የልጁን ስምና ቁስል ያውቃል፣ ስለ እርሱም በእግዚአብሔር ፊት ይጠየቃል። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የያዘ እረኝነት ምሉዕ አይደለም።

እንግዲህ ላኪው ሰሚውን አለማወቁ ለሥራው ቅለት ነው እንጂ ከኃላፊነት ነጻ የሚያወጣው አይመስለኝም፤ የጥንቃቄውም መጠን በቃሉ ክብደት ሊለካ ይገባዋል። የዛሬ የድንች ዋጋ በዜሮ ማዕረግ ቢላክ የሚነቅፈው የለም፣ የነገው ይተካዋልና። የድንች በሽታ መግባቱን የሚያስጠነቅቅ መልእክት ግን በማዕረግ ሁለት መላኩ እንኳ አይበቃውም፤ ተቀባዩ «አይቻለሁ» የሚል ቁልፍ ሲጫን በሌላ አርእስት መልስ የሚመለስበት መንገድ ያስፈልገዋል። ቁልፉን ያልተጫኑት ሰዎች ዝርዝር በላኪው ስክሪን ላይ ይቆያል፤ ለእነርሱ ስልክ መደወል ወይም ሰው መላክ የላኪው ፋንታ ነው።